የፒካፑ መሪ ተንጋዷል፤ ነቅሎ መግጠም ወይስ ከታች ማስተካከል?

ጥያቄውን ያነሳው አንድ የፒካፕ ባለቤት ነው። የግራና የቀኝ የታይሮድ (የፊት ጎማውን ገፍቶና ስቦ የሚያዞረው ዘንግ) ጫፎችን በአዲስ ቀይሯል። ከዚያ ወዲህ መኪናው ቀጥ ባለ መንገድ ላይ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ ወደ ግራም ወደ ቀኝም አይጎትትም። መሪው ግን 15 ዲግሪ ያህል ወደ ቀኝ ተንጋዶ ነው የሚቆመው። አላይመንት (የጎማዎቹን አተያይ በማሽን ማስለካትና ማስተካከል) አሠርቷል። ታትሞ የተሰጠው ወረቀት ላይ ቁጥሮቹ በሙሉ አረንጓዴ፣ ማለትም በልካቸው ናቸው። መሪው ግን አሁንም እንደተንጋደደ ነው። ስለዚህ መሀል ላይ ያለችውን ዳዶ ፈትቶ፣ መሪውን ነቅሎ፣ ቀጥ አድርጎ መልሶ ቢገጥመው ምን ችግር እንዳለው አንድ የኢንተርኔት መድረክ ላይ ጠየቀ። ለእሱ ጉዳዩ የመልክ ብቻ ነው።

ክሩ፣ ማለትም ጥያቄውና ከሥሩ የተሰጡት ምላሾች፣ ረጅም ነው። ከ30 በላይ ምላሽ ተሰጥቶበታል። ጥሩ ዕውቀት አለው፤ ግን ተበታትኗል፤ መሀል ላይም ጠብ አለ። መሪው የተንጋደደበት ሰው ሁሉ እስከ መጨረሻው ታግሶ ያነባል ብዬ ስለማላስብ በተራ እተርከዋለሁ። አቋሜንም ከወዲሁ ልናገር፦ መሪ የሚስተካከለው ከታች፣ ታይሮዶቹ ላይ ነው። ከላይ መንቀል ትክክል የሚሆንበት ሁኔታ አለ፤ እሱም በጣም ጠባብ ነው።

1ኛው ምላሽ በትሕትና የተጻፈ ነው። መላሹ ከብዙ ዓመት በፊት አሮጌ ፒካፑ ላይ ይህንኑ አድርጎ እንደነበር ይናገራል። መሪውን ነቅሎ፣ በሚቀመጥበት ዘንግ ላይ አንድ ሁለት ጥርስ አዙሮ መልሶታል፤ ምንም አልሆነም። ለጠያቂው መልካም ዕድል ተመኝቶ ወጣ። ሰውየው የደረሰበትን ነው የጻፈው። ያ መኪና ግን ኤርባግ አልነበረውም፤ ሴንሰርም አልነበረውም።

2ኛው መልስ ከመስጠቱ በፊት ጠየቀ። እንዲህ ያለ ሰው ደስ ይለኛል። መጀመሪያ መኪናው በርግጥ እንደማይጎትት እንዲያረጋግጥ ለመነው። ሁለቱ ችግሮች ይመሳሰላሉ እንጂ አንድ አይደሉም። መሪው ተንጋዶ መኪናው ቀጥ ብሎ ከሄደ ነገሩ ብዙውን ጊዜ የታይሮዶች ርዝመት ነው። መሪውን ለቀቅ ሲያደርጉት መኪናው ወደ አንድ ጎን ካዘነበለ ደግሞ የጎማ አየር፣ የጎማው የራሱ ጠባይ፣ ይዞ የቀረ ፍሬን ወይም የካምበርና የካስተር (የጎማውና የመዞሪያው ዘንበል ማለት) ልዩነት ሊሆን ይችላል። የፊት ጎማዎቹን ግራና ቀኝ አቀያይሮ መንዳት ጥሩ መለያ ነው። መጎተቱ አብሮ ጎን ከቀየረ ጥፋቱ የጎማው ነው።

ሁለተኛው ጥያቄው መንጋደዱ መቼ እንደጀመረ ነበር። ታይሮድ ከተቀየረ በኋላ ከሆነ ምክንያቱ በግልጽ ይታወቃል። መኪናው ጉድጓድ ወይም የመንገድ ጠርዝ ከመታ በኋላ በድንገት ከሆነ ግን ከማስተካከል በፊት የታጠፈ ነገር መፈለግ ግድ ነው። የታጠፈን ታይሮድ በማርዘምና በማሳጠር ቀጥ ያለ ማስመሰል ይቻላል። መሪው ያምራል፤ ብረቱ ግን ተጎድቶ ይቀራል። ይህን ነጥብ ሌላ ማንም አላነሳውም። ለእኔ ግን ከክሩ ዋና ዋና ነጥቦች አንዱ ነው።

3ኛው ምላሽ ስለ ኤርባግ ነው። መሪው መሀል ላይ የሚፈነዳ ነገር ተቀምጧል። የባትሪው ኔጌቲቭ ሳይነቀልና ጥቂት ደቂቃ ሳይጠበቅ ወደዚያ እጅ መስደድ አይገባም፤ ባትሪው ከተነቀለም በኋላ ሲስተሙ ለአጭር ጊዜ ኃይል ይዞ ይቆያልና። ከኤርባጉ ጀርባ ደግሞ ክሎክ ስፕሪንግ የሚባል የሽቦ ጥቅልል አለ። ወደ ግራም ወደ ቀኝም የሚዞረው የተወሰነ ዙር ነው። መሪው ከቦታው ተነቅሎ በተሳሳተ ዙር ከተገጠመ፣ አንድ ቀን ሙሉ በሙሉ ሲጠመዘዝ ሽቦው ይበጠሳል። መላሹ ፍሬቻውንም አስታወሰ። ከተጠመዘዘ በኋላ ፍሬቻው በራሱ የሚጠፋው መሪው ቦታውን ጠብቆ ሲቀመጥ ነው። መሪው ብቻውን ሲዞር አንደኛው ጎን ቶሎ ይጠፋል፣ ሌላኛው ይዘገያል።

አሁን ወደ 4ኛው። ክሩን ለማንበብ ያለኝን ምክንያት የሰጠኝ እሱ ነው። ረጅም ነው፤ አንዳንዱ ቦታ ይደጋገማል፤ ነገር ግን ዋናውን ጉዳይ በትክክል ይዞታል። መሪው ከታች ካለው ማርሽ ጋር የተያያዘ ነው። ያ ማርሽ፣ ራክ (ታይሮዶቹን ግራና ቀኝ የሚገፋ ጥርሳም ዘንግ) ይሁን ስቴሪንግ ቦክስ (ሻንሲው ላይ የተሰቀለ የማርሽ ሳጥን)፣ የራሱ መሀል አለው። መኪናው ቀጥ ብሎ ሲሄድ ማርሹም መሀሉ ላይ መሆን አለበት። ታይሮዶቹ እኩል ስላልሆኑ መሪው ከተንጋደደ፣ ማርሹም አብሮ ከመሀሉ ወጥቷል ማለት ነው። መሪውን ብቻ ነቅሎ ቀጥ ማድረግ ማርሹን ከመሀሉ እንደወጣ መተው ነው።

ታዲያ ቢወጣ ምን ይሆናል? ስቴሪንግ ቦክስ ባለው ፒካፕ ላይ ሳጥኑ ውስጥ ያሉት ጥርሶች መሀል ላይ ሲደርሱ እንዲጠብቁ ተደርገው ነው የሚሠሩት። ወደ ዳርና ዳር ሲሄዱ ላላ ይላሉ። ሾፌር አብዛኛውን ጊዜ የሚነዳው ቀጥ ብሎ ስለሆነ ጥብቀቱ እዚያ ላይ እንዲሆን ተፈልጎ ነው። ማርሹ ከመሀሉ ወጥቶ ቀጥ ብለው ከነዱ፣ የሚነዱት በላላው ቦታ ላይ ነው። መኪናው ይዋልላል። መካኒኩ መሪው ላልቷል ብሎ ሳጥኑ ላይ ያለችውን የማጥበቂያ ብሎን ያጠብቃል። ያን ጊዜ እውነተኛው መሀል ከልክ በላይ ይጠብቃል፤ መሪው ተጠምዝዞ አልመለስ ይላል፤ ጥርሱም ይበላል። ራክ ላይ ደግሞ መዞሪያው እኩል አይሆንም። ወደ አንዱ ጎን ሰፋ አድርጎ ይታጠፋል፤ ወደ ሌላው ቶሎ ይነካል። ጠባብ ቦታ ላይ መኪና ያዞረ ሰው ልዩነቱን ያውቀዋል።

መላሹ መመርመሪያም ሰጠ። መሪውን ወደ አንዱ ጎን እስከ መጨረሻው አዙሮ፣ ከዚያ ወደ ሌላው ጎን ስንት ዙር እንደሚሄድ መቁጠር ነው። 3 ዙር ተኩል ከሆነ መሀሉ 1 ዙር ከሦስት ሩብ ላይ ይገኛል። ማርሹ እዚያ መሀሉ ላይ ሲሆን መሪው ቀጥ ካለ፣ መሪው በትክክል ተገጥሟል፤ ጥፋቱ ከታች ነው። ማርሹ መሀሉ ላይ ሆኖም መሪው ከተንጋደደ ግን ከዚህ በፊት አንድ ሰው መሪውን ወይም የመሪውን ዘንግ ፈትቶ አሳስቶ ገጥሞታል። መሪውን ነቅሎ መመለስ ትክክል የሚሆነው በዚህ ጊዜ ብቻ ነው። ጠባብ ያልኩት ሁኔታ ይህ ነው።

5ኛው እርማት አመጣ፤ ተገቢ እርማት ነው። ይህ አቆጣጠር ለራክ ይሠራል። ስቴሪንግ ቦክስ ባለው መኪና ላይ ግን ጎማውን መጀመሪያ የሚያቆመው አክስሉ (ግራና ቀኝ ጎማዎቹን የሚይዘው ብረት) ጫፍ ላይ ያለው ማቆሚያ ብሎን ነው። ስለዚህ የሚቆጠረው የሳጥኑ ዙር ሳይሆን የጎማው ይሆናል። የሳጥኑን መሀል በትክክል ለማግኘት ድራግ ሊንኩን (ከሳጥኑ ወደ ጎማው የሚሄደውን ዘንግ) ከፒትማን አርሙ (ከሳጥኑ ከሚወጣው ክንድ) ማላቀቅ ያስፈልጋል። ሲቆጠርም መሪውን ጫፍ ላይ በኃይል ማላተም አይገባም። 4ኛው ተመልሶ አመሰገነው። እስከዚህ ድረስ ሁሉም ነገር ሰላም ነበር።

ጠቡ የተነሳው ከ7ኛው ጀምሮ ነው። 7ኛው በዕድሜ የገፉ መካኒክ መሆናቸውን ጽፈዋል። አሠራራቸውን በዝርዝር አስቀመጡ። የሁለቱን ታይሮዶች መቆለፊያ ዳዶ ማላላት፤ አንዱን ማርዘም፣ ሌላውን በዚያው ልክ ማሳጠር፤ መልሶ ማጥበቅ። ልኩ እኩል ከሆነ የጎማዎቹ እርስ በርስ አተያይ፣ ማለትም ቶው የሚባለው፣ አይነካም። የሚዞረው የመሪው ቦታ ብቻ ነው። ይህ ትክክል ነው። ከዚያ ግን አቅጣጫውን እንደ ሕግ አስቀመጡት፦ መሪው ወደ ቀኝ ከተንጋደደ የግራው ይረዝማል፣ የቀኙ ያጥራል።

8ኛው ይህንኑ አድርጎ መሪው ይባስ ወደ ቀኝ እንደሄደ ጻፈ። 9ኛው ሕጉ ተቃራኒው ነው ብሎ ተከራከረ፤ እሱም በእጁ ሠርቶ አይቶታል። 10ኛው የ7ኛውን ደገፈ። 11ኛው ልዩነቱ መሪው በግራ ወይም በቀኝ ከተገጠመበት መኪና የመጣ ሊሆን እንደሚችል ገመተ፤ ግምቱ ልክ አልነበረም። እዚህ ላይ ቃላቱ እየሻከሩ መጡ። እስካሁን 7ኛውን ሰው እርስዎ ይሏቸው የነበሩት ሰዎች አንተ ማለት ጀመሩ። 13ኛው ዕድሜ ዕውቀት አይሆንም እስከ ማለት ደረሰ። ሽማግሌው በበኩላቸው ይህ ሁሉ ልጅ መኪና የሚያውቀው በስልክ ነው ብለው መለሱ። በጣም አሳዝኖኛል፤ ምክንያቱም ሁለቱም ወገን ያየውን ነው የተናገረው።

14ኛው በሁለት አንቀጽ ፈታው። ሁሉም የሚወሰነው ታይሮዱ ከጎማው መሀል በስተፊት ነው ወይስ በስተኋላ በሚለው ነው። እንዲህ አስቡት። መኪናው ቀጥ ብሎ እየሄደ መሪው ወደ ቀኝ ተንጋዷል። መኪናውን አቁመው መሪውን ቀጥ ቢያደርጉት ጎማዎቹ ወደ ግራ ያያሉ። ስለዚህ መሪው ቀጥ እንዳለ ጎማዎቹ ወደ ቀኝ መመለስ አለባቸው። ታይሮዱ ከኋላ ከሆነ፣ ጎማው ወደ ቀኝ እንዲያይ የኋላ ጎኑ ወደ ግራ መገፋት አለበት። የግራው ታይሮድ ይረዝማል፤ የቀኙ ያጥራል። ይህ የሽማግሌው ሕግ ነው። ታይሮዱ ከፊት ከሆነ ደግሞ የፊት ጎኑ ወደ ቀኝ ነው የሚሄደው። የቀኙ ይረዝማል፤ የግራው ያጥራል። ይህ የ9ኛው ነው። መሪው በግራም ይገጠም በቀኝ ለውጥ የለውም።

14ኛው ማንንም አልወቀሰም። ሕግ ከመሸምደድ ይልቅ መሪውን ቀጥ አድርጎ አስሮ፣ ወርዶ የጎማዎቹን አተያይ ማየት እንደሚበልጥ መክሮ ጨረሰ። እኔም ከዚህ የተሻለ ምክር አላውቅም። በዓይን የታየ ነገር ፊትና ኋላ አያምታታም። 7ኛው ሰው ተመልሰው ልክ ነህ ብለው በአጭሩ ጻፉለት። 13ኛው ግን ይቅርታ ሲጠይቅ አላየሁም።

ቀጥሎ የመጣው ጥያቄ ታይሮዱ ስንት ዙር ይዙር የሚል ነው። 15ኛው በሒሳብ መለሰ፤ ሒሳቡን እኔም ሠርቼ አይቼዋለሁ፤ ይሄዳል። ታይሮዱ ላይ ያለው የብሎን ጥርስ ርቀት 1.5 ሚሊሜትር ከሆነ አንድ ሙሉ ዙር ርዝመቱን በ1.5 ሚሊሜትር ይለውጣል። ጎማውን የሚያዞረው ክንድ 150 ሚሊሜትር ቢሆን፣ ጎማው 0.57 ዲግሪ ያህል ይዞራል። መሪው 18 ዲግሪ ሲዞር ጎማው 1 ዲግሪ የሚዞርበት ማርሽ ከሆነ ደግሞ፣ አንዱ ዙር መሪው ላይ 10 ዲግሪ ገደማ ያመጣል። ለጠያቂው 15 ዲግሪ በሁለቱም ጎን አንድ ዙር ተኩል ማለት ነው።

16ኛው ቁጥሩን እንደ መነሻ እንጂ እንደ መጨረሻ እንዳይወስዱት አሳሰበ። የክንዱ ርዝመትም የማርሹ ልክም ከመኪና መኪና ይለያያል። አንዳንድ ፒካፕ ላይ ደግሞ ማስተካከያው በሁለት ጫፉ ተቃራኒ ጥርስ ያለው ቱቦ ነው። እሱን አንድ ዙር ሲያዞሩት ሁለቱም ጫፍ አብሮ ስለሚወጣ ለውጡ እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ በሁለቱም ጎን ግማሽ ዙር አዙሮ፣ መኪናውን ወደ ፊትና ወደ ኋላ አንቀሳቅሶ ጎማዎቹ እንዲረጋጉ አድርጎ፣ ነድቶ ማየት ይሻላል። ታይሮዱ ላይ በነጭ ቀለም መስመር ማስመር ዙሩን ለመቁጠር ይረዳል፤ ካልተሳካም ወደነበረበት መመለስ ይቻላል።

17ኛው ከራሱ የደረሰበትን ጨመረ። መቆለፊያ ዳዶው ዝጎ አልፈታ ብሎት ነበር። ከዋዜማው ጀምሮ የዝገት ማላቀቂያ ዘይት ረጭቶ አሳድሮት ተፈታ። ግን የራኩን የጎማ ሽፋን ጫፍ ማላላት ረስቶ ታይሮዱን ሲያዞር ሽፋኑ አብሮ ተጠምዝዞ ተቀደደ። ውሃና አቧራ ገባበት፤ በኋላም ራኩ ራሱ ተበላሸ። የሽፋኑን ትንሿን ማሰሪያ ማላላት ጥቂት ሰከንድ ነው የሚፈጀው።

ከ18 እስከ 20 ያሉት ከርዕሱ ወጡ። አንዱ በፍጥነት ሲነዳ መሪው እንደሚንቀጠቀጥ ጠየቀ። ሌላው የጎማ ባላንስ እንዲያሠራ መከረው። ሦስተኛው ሌላ ክር እንዲከፍት በቁጣ አዘዘው። ንዝረት የሌላ ቀን ጉዳይ ነው፤ እኔም አልፈዋለሁ።

21ኛው ጠቃሚ ነገር ይዞ መጣ። የላንድክሩዘር 79 ፒካፕ ባለቤት ነው። ይህ መኪና የፊት አክስሉ ወጥ ነው፤ ከፊት በሞላ (በጥቅል ስፕሪንግ)፣ ከኋላ በባሌስትራ (በተነባበሩ የብረት ቅጠሎች) ላይ የተቀመጠ ነው። ሞላውን በረጅም ቀይሮ መኪናውን ከፍ ካደረገው በኋላ መሪው ተንጋደደበት። ይህ የሚጠበቅ ነው። ሻንሲው ላይ ያለው ስቴሪንግ ቦክስ ከአክስሉ ሲርቅ፣ ሁለቱን የሚያገናኘው ድራግ ሊንክ ይበልጥ ይሰያፋል። ርዝመቱ ስላልተለወጠ አክስሉ ላይ ያለውን ክንድ ወደ ራሱ ይስባል። መፍትሔው ድራግ ሊንኩን ማስተካከል ነው። ሁለቱን ጎማዎች የሚያገናኘውን ታይሮድ መንካት አያስፈልግም፤ ስለዚህ ቶው አይለወጥም። ሥራው ከራክ እንኳ ይቀላል።

22ኛው ይህ ለሁሉም ወጥ አክስል እንደማይሠራ አረመው። አንዳንድ መኪና ላይ ታይሮዱ የሚያያዘው ከጎማው ክንድ ጋር ሳይሆን ከድራግ ሊንኩ ጋር ነው። እዚያ ላይ ድራግ ሊንኩን ሲያስተካክሉ ቶውም አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ ወደ አላይመንት ማሽን መሄድ ግድ ይላል። 23ኛው ደግሞ አክስሉን ወደ ጎን የሚይዘውን ዘንግ አስታወሰ። መኪናው ከፍ ሲል አክስሉ ራሱ ወደ አንድ ጎን ይገፋል። ብዙ ከፍ የተደረገ መኪና ላይ መጀመሪያ አክስሉን ወደ መሀል መመለስ፣ ከዚያ መሪውን ማስተካከል ነው ቅደም ተከተሉ።

24ኛው ስለ ኋላው አክስል ጻፈ። በፒካፕ ነገር ከሁሉም የሚረሳው ይህ ነው ብዬ አምናለሁ። ሰው መሪ ሲንጋደድ ፊቱን ያያል፤ ኋላውን ማን ያያል? ፒካፕ ግን ጭነት ተሸካሚ ነው፤ ከኋላ በባሌስትራ ላይ ነው የሚቀመጠው። የባሌስትራው ቅጠሎች መሀል ለመሀል በአንድ ብሎን ይያያዛሉ። የዚያ ብሎን ራስ አክስሉ ላይ ያለ ቀዳዳ ውስጥ ገብቶ ቦታውን ይይዛል። ዙሪያውን ደግሞ ዩ ቦልቶች ጠፍረው ይይዙታል። ዩ ቦልቶቹ ከላሉ ጭነቱ ሁሉ በዚያች ብሎን ላይ ይወድቃል። ትቆረጣለች። አክስሉ በአንድ ጎን ወደ ኋላ ይንሸራተታል። የኋላ ጎማዎች ወደ ጎን ማየት ሲጀምሩ መኪናው እንደ ሸርጣን ይሄዳል። ሾፌሩ ሳያውቀው በመሪው ያካክሰዋል። የተንጋደደው መሪ ያ ማካካሻ ነው። እዚህ ላይ ታይሮድ ማስተካከል በሽታውን መሸፈን ነው።

እንዴት ይታወቃል? የፊት ጎማዎቹን ቀጥ አድርጎ፣ ከፊት ጎማው መሀል እስከ ኋላ ጎማው መሀል በሜትር መለካት ነው። ግራና ቀኙ ካልተመሳሰለ አንዱ አክስል ሸሽቷል። ሌላው መንገድ ጎማዎቹን አርጥቦ ደረቅ ቦታ ላይ ቀጥ ብሎ መንዳትና አሻራቸውን ማየት ነው። የኋላዎቹ ጎማዎች አሻራ ከፊቶቹ አንጻር በሁለቱም ጎን እኩል መውደቅ አለበት። 25ኛው ሲባጎ ወጥሮ መለካት እንደሚቻል አክሎ፣ አንዳንድ ፒካፕ ላይ በግራና በቀኝ የኋላ ጎማዎች መካከል ያለው ርቀት ከፊቶቹ ስለሚጠብ ያ ልዩነት ለሁለቱም ጎን እኩል መከፈል እንዳለበት አስጠነቀቀ። ያለበለዚያ ደህናው መኪና የታመመ ይመስላል።

26ኛው ተቆጥቶ ነው የገባው። ቁጥሩ ሁሉ አረንጓዴ ሆኖ መሪው ከተንጋደደ ባለማሽኑ ሥራውን አልሠራም ሲል ደመደመ። ምክንያቱን ግን በደንብ አስረድቷል። አላይመንት ከመጀመሩ በፊት ሞተሩ እየሠራ መሪው ግራና ቀኝ ወዝወዝ ተደርጎ፣ ቀጥ ብሎ፣ በመያዣ ብረት መታሰር አለበት። ካልታሰረ ሠራተኛው ታይሮዱን ሲያዞር መሪው ይከተላል። ሁለቱ ጎማዎች እርስ በርስ ይስማማሉ፤ የሁለቱ ቶው ድምር ልክ ይሆናል፤ መሪው ግን የትም ሊቆም ይችላል። ሞተሩ ጠፍቶ ከታሰረም ሲነሳ ኃይል የሚሰጠው ሲስተም መሪውን ትንሽ ሊያዞረው ይችላል።

27ኛው የማሽኑ ሠራተኛ ነበር፤ ስድቡ አልተዋጠለትም። ሰዎች የተበላ ቡሺንግና የላላ ቦልጆይንት ይዘው እንደሚመጡ፣ የጎማ አየሩም የተለያየ እንደሆነ፣ ከዚያም ወረቀቱን ብቻ እንደሚያዩ ጻፈ። ላልቶ የሚንቀሳቀስ ነገር ላይ ልኬት አይቆምም። ሁለቱም እውነት አላቸው። ነገር ግን ጠያቂው መሪው ተንጋዶ ከወጣ ሥራው አላለቀም ነበር። መሪው ቀጥ ሳይል መኪናውን መቀበል የለበትም፤ ከማሽኑ ወርዶ አንድ ጊዜ መነዳትም አለበት።

28ኛው ስለ ኤሌክትሮኒክስ አነሳ። አዳዲስ ፒካፖች መሪው በስንት ዲግሪ እንደዞረ የሚያነብ ሴንሰር አላቸው። መኪናው እንዳይንሸራተት የሚቆጣጠረው ሲስተም ሾፌሩ ወዴት መሄድ እንደፈለገ የሚያውቀው ከዚያ ነው። መኪናው ቀጥ እየሄደ ሴንሰሩ 15 ዲግሪ ካለ ሲስተሙ ይደናገራል። መብራቱ ዳሽቦርድ ላይ ሊበራ ይችላል፤ ሳያስፈልግ አንዱን ፍሬን ሊይዝም ይችላል። መሪው ከታች ሲስተካከል ሴንሰሩ ወደ ዜሮው ይጠጋል። ብዙ መኪና ላይ ግን ዜሮውን በመመርመሪያ መሣሪያ እንደገና ማስነበብ ያስፈልጋል። ነገሩ የመልክ ብቻ ነው ለሚለው ለጠያቂው ሐሳብ ከዚህ የበለጠ መልስ አላገኘሁም።

29ኛው አጭር አሳዛኝ ታሪክ ነው። ራኩ ወርዶ ሲጠገን የመሪው ዘንግ ከታች ተላቆ ነበር። መሪው ሳይታሰር ቀርቶ አንድ ሰው ጋቢና ውስጥ ሆኖ አዞረው። ክሎክ ስፕሪንጉ ተበጠሰ። ክላክሱ አልሠራም፤ የኤርባግ መብራቱ በራ። ዘንጉም አንድ ጥርስ አልፎ ስለተገጠመ መሪው ተንጋደደ። እንዲህ ያለው ሰው በታይሮድ መድከም የለበትም። ዘንጉን ወደ ምልክቱ መመለስ ነው።

በ30ኛው ጠያቂው ራሱ ተመለሰ። መኪናው ሥር ገብቶ አይቷል። ታይሮዶቹ ከጎማው መሀል በስተኋላ ናቸው። በአንዱ ጎን ከመቆለፊያ ዳዶው ውጭ የሚታየው ጥርስ ከሌላው ጎን በግልጽ ይረዝማል። አዲሶቹ ጫፎች ሲገጠሙ አሮጌዎቹ በስንት ዙር እንደወጡ አልተቆጠረም፤ አላይመንቱም ድምሩን ብቻ አስተካክሎ ልዩነቱን ትቶታል። የኋላውንም ለክቷል፤ ግራና ቀኙ እኩል ነው። የግራውን አርዝሞ፣ የቀኙን በዚያው ልክ አሳጥሮ፣ በትንሽ በትንሹ እየነዳ አየው። መሪው ቀጥ ብሏል። በጣም ጥቂት ብቻ ይቀረዋል።

31ኛው የቀረችው ነገር ከመንገዱ ልትሆን እንደምትችል ነገረው። መንገድ ውሃ እንዲወርድበት ከመሀሉ ከፍ፣ ከዳሩ ዝቅ ተደርጎ ነው የሚሠራው። መኪናው ወደ ዳሩ እንዳይወርድ ሾፌሩ መሪውን ትንሽ ወደ መሀል ይይዛል። ሰፊና ሜዳ ቦታ ላይ ሳይሞክሩ ያቺን ልዩነት ማሳደድ ማብቂያ የለውም። ሽማግሌው መካኒክም ብቅ ብለው፣ ዳዶዎቹን በመመሪያ መጽሐፉ ልክ እንዲያጠብቅና ጥቂት ከነዳ በኋላ እንደገና እንዲያያቸው አሳሰቡት። ልጄ ብለው ነው የጻፉለት።

የመጨረሻው፣ 33ኛው፣ ጥያቄ ነው፤ እስካሁን መልስ አላገኘም። የእሱ ፒካፕ መሪ በዘይት ሳይሆን በኤሌክትሪክ ሞተር ነው የሚታገዘው፤ አሠራሩ ይለወጥ እንደሆነ ጠየቀ። የእኔ መልስ ይህ ነው፦ ታይሮዱ ላይ ያለው ሥራ አይለወጥም፤ ማርዘሙም ማሳጠሩም ያው ነው። የሚለወጠው ከዚያ በኋላ ያለው ነው። የኤሌክትሪክ ሞተሩ መሀሉን የሚያውቀው ከሴንሰሩ ስለሆነ፣ ዜሮው ካልተነበበለት መሪውን ወደ አንድ ጎን ሊገፋ ይችላል። ያን ጊዜ መኪናው የሚጎትት ይመስላል፤ ሰውም ደህናውን ታይሮድ መልሶ ያበላሻል። ስለዚህ መጀመሪያ ታይሮዱን አስተካክሎ ሜዳ ላይ ነድቶ ማረጋገጥ፣ ቀጥሎ ዜሮውን በመሣሪያ ማስነበብ ነው። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ሴንሰሩ የተንጋደደውን ቦታ መሀል ነው ብሎ ይይዛል።